የሱቃችን ጣራ መንገድ ነው

የ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) የአትላንታ ኦሎምፒክ ሊደርስ ሲል ነው። እኔ አንደርግራውንድ አትላንታ በሚባለው የከተማዋ የገበያ ሰፈር ውስጥ፣ ቲሸርትና ኮፍያ የሚሸጥ ሱቅ እሠራ ነበር። ገበያው ደርቷል።

ቦታው «የምድር ውስጥ» ይባል እንጂ ተቆፍሮ የተሠራ አይደለም። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተማዋ በባቡር ሐዲዶቿ ላይ ድልድዮች ስትዘረጋ መንገዱ አንድ ፎቅ ከፍ አለ። ነጋዴው ተከትሎ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ፤ የድሮዎቹ ሱቆች ከነቅስታቸው ከሥር ቀሩ። በ1969 የገበያና የመዝናኛ ሰፈር ሆነው ተከፈቱ። በ1980 ተዘጉ። በ1989 ደግሞ በ142 ሚሊዮን ዶላር ታድሰው እንደገና ተከፈቱ።

እናላችሁ፣ አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት የሱቁ መስኮት አጠገብ ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። አንድ ካርቶን ሙሉ ቲሸርት ተበላሸ። ዝናብ እንዳይባል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አሠሪያችን የቧንቧ ሠራተኛ ጠራ። ሰውዬው ኮርኒሱን ቀደደ፣ ቧንቧውን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። በማግስቱም ያው። ሌላ ቦታ ቀደደ፤ እዚያም ምንም የለም።

በዚህ መሀል የጥገና ክፍሉ አዛውንት በበራችን ሲያልፉ ቆም አሉ። ጠብታውን በጣታቸው ተቀብለው አሹት፤ ከዚያ አሸተቱት።

«ሳሙና አለው» አሉ። «ና ልጄ፣ ላይ እንውጣ።»

ደረጃውን ወጥተን ላይኛው አላባማ ጎዳና ደረስን። አንድ ሠራተኛ እንደ ወትሮው ንጣፉን በሳሙናና በጎማ ውሃ እያጠበ ነው። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አሳዩኝ። የድልድዩ ኮንክሪት ከአሮጌው ሕንፃ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት መስመር አለ። መሙያው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አረፋው እየተንቆረቆረ ይገባል። ልክ ከሥሩ የእኛ መስኮት ነው።

«ድልድይ በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ ግድግዳው ግን አይከተለውም» አሉኝ። «ስለዚህ መሙያው በየጊዜው መታየት አለበት።»

አሮጌው ተጠርጎ በአዲስ ላስቲክ ተሞላ። ውሃው ቆመ። እድሳት ሲባል ሁሉም የሚያወራው ስለ ጡቡና ስለ ፋኖሱ ነው። እኔ ግን ያንን ሰፈር ያቆዩት እንደኚያ አዛውንት ያሉ ሰዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ገና ሂሳብ መቀበያውን ሳላሳየው፣ ላይ ይዤው እወጣ ነበር። ያንን መስመር በእግሬ እየነካሁ «ሱቃችን እዚህ ሥር ነው» እለዋለሁ።