የመጀመሪያዎቹን ኤንጅል ኢንቨስተሮች ያገኘነው እንዲህ ነው

የምንሠራው ሶፍትዌር ለፋርማሲዎች ነው። የትኛው መድኃኒት የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ እንደደረሰ ቀድሞ ይናገራል። ከተባባሪ መሥራቼ ጋር የመጀመሪያውን ቅጂ በራሳችን ገንዘብ ሠራነው። ጥቂት ፋርማሲዎችም መክፈል ጀመሩ። ከዚያ ኪሳችን ነጠፈ። ባንክ ማስያዣ ይጠይቃል፤ እኛ ያለን ኮድና አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ቬንቸር ካፒታሎች ዘንድ ለመሄድ ደግሞ ገና ነበርን። የቀረን ኤንጅል ኢንቨስተር መፈለግ ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። ሁለቱም ለጀማሪ ድርጅት ገንዘብ ሰጥተው ድርሻ የሚወስዱ ናቸው። ቬንቸር ካፒታል በአብዛኛው የሚያስተዳድረው የሌሎች ሰዎችን ገንዘብ ነው። የሚሰበሰብ ኮሚቴ አለው፤ ሪፖርት የሚጠብቁ ባለገንዘቦችም አሉበት። ኤንጅል የሚያወጣው ከራሱ ኪስ ነው። ማንንም ሳያስፈቅድ "እሺ" ይላል፤ ለማንም ሳያስረዳም "ይቅርብኝ" ይላል። ስለዚህ ሰውየው ራሱ ማን እንደሆነ፣ ምን ሠርቶ ገንዘብ እንዳገኘ፣ ምን እንደሚያበሳጨው ማወቅ ከየትኛውም ኤክሴል በላይ ይጠቅማል።

የጉግልን ታሪክ ብዙ ሰው ሰምቶታል። እ.ኤ.አ. በ1998 አንዲ ቤክቶልሻይም የላሪ ፔጅንና የሰርጌይ ብሪንን ሥራ አይቶ የ100 ሺህ ዶላር ቼክ ጻፈላቸው። ድርጅቱ ገና በሕግ ስላልተመዘገበ ቼኩን ወዲያው ባንክ ማስገባት እንኳ አልቻሉም። ታሪኩ ሲወራ ግን ሁለት ነገር ይዘለላል። አንደኛ፣ ቤክቶልሻይም ሰን ማይክሮሲስተምስ ከተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነ ኢንጂነር ነው፤ ያየውን ነገር ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሁለተኛ፣ ያገናኛቸው የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ዴቪድ ቼሪተን ነበር። ቼሪተን ራሱም ገንዘቡን አስገብቷል። እኔ ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት እነዚህን ሁለቱን ነው፦ ችግሩን የሚያውቅ ሰው፣ እና ሁለታችንንም የሚያውቅ ሰው።

ስለዚህ ዝርዝር ስናዘጋጅ "ሀብታም ማነው?" ብለን አልጀመርንም። አንድ ሠንጠረዥ ከፈትን። የመጀመሪያው አምድ ስም ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ሰው ጊዜው ባለፈበት መድኃኒት የከሰረ ወይም ሲከስሩ ያየ ነው ወይ? ሦስተኛው፣ ከዚህ በፊት በጀማሪ ድርጅት ገንዘብ አስገብቶ ያውቃል ወይ? አራተኛው፣ እሱንም እኛንም የሚያውቅ ማነው? አራተኛው አምድ ባዶ የሆነበትን ሰው ወደ ታች እናወርደዋለን። ኢሜይል ከመላክ በፊት አገናኝ መፈለግ ይቀድማል ማለት ነው።

ስሞቹን ከየት አመጣን? ከአስመጪዎች፣ ከጅምላ አከፋፋዮች፣ ድርጅታቸውን ሸጠው ከወጡ ሰዎች። ለፋርማሲና ለሆስፒታል ሶፍትዌር ሲሸጡ ከኖሩ ሰዎች። ከእኛ ቀድመው ገንዘብ ያሰባሰቡ ስታርትአፖች ዜናቸውን ሲያወጡ ኢንቨስተሮቻቸውን ይጠቅሳሉ፤ እነሱን ለቀምን። እንደ ክራንችቤዝ፣ ኤንጅልሊስትና ሊንክድኢን ያሉ ድርጅቶችንና ሰዎችን የሚዘረዝሩ ድረ ገጾች ለማጣራት ይጠቅማሉ። ለመተዋወቅ ግን ደካማ ናቸው፤ እዚያ ላይ ስሙ የሚታይ ኢንቨስተር የመልእክት ሳጥኑ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የኤንጅል ኢንቨስተሮች ማኅበራትም አሉ። ጥሩ ጎናቸው አንድ ቀን ቀርበህ ብዙ ሰው ያይሃል። መጥፎ ጎናቸው አንዱ ሌላውን ሲያይ ጊዜው ይነጉዳል። የተፎካካሪያችን ባለድርሻ የሆኑትን ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ሰረዝናቸው።

ከዚያም ከእነዚህ ሰዎች ገንዘብ የተቀበሉ መሥራቾችን ፈልገን አነጋገርን። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለምን እንደሚዘለው አይገባኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ "ሥራችሁ የተበላሸ ጊዜ ኢንቨስተሩ ምን አደረገ?" ሥራ ሲያምር ሁሉም ኢንቨስተር ደግ ነው። አንዱ መሥራች ስለ ኢንቨስተሩ ስንጠይቀው ዝም ብሎ ቆየና "ሌላ አማራጭ ካላችሁ ሌላውን ሞክሩ" አለን። ኢንቨስተሩን ከዝርዝራችን ሰረዝነው።

አገናኝን በተመለከተ፣ ሸክሙን ከሰውየው ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። "እስቲ ከእገሌ ጋር አገናኘኝ" ስትሉት ስለ እናንተ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ያስጨንቀዋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። እኛ ሳይነካካ ሊያስተላልፈው የሚችል አጭር ኢሜይል ጽፈን ነበር የምንሰጠው። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

"ፋርማሲዎች የመድኃኒታቸው ጊዜ ከማለፉ በፊት እንዲያውቁ የሚያደርግ ሶፍትዌር እንሠራለን። አሁን እየከፈሉ የሚጠቀሙ ፋርማሲዎች አሉን። ቀጥሎ ወደ ጅምላ አከፋፋዮች መግባት እንፈልጋለን፤ ለዚህም ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። እርስዎን የፈለግነው የጅምላውን ሥራ ከውስጥ ስለሚያውቁት ነው። ግማሽ ሰዓት ቢሰጡን ሥራችንን እናሳይዎታለን።"

ይኸው ነው። "አብዮታዊ" የለ፣ "በዓለም የመጀመሪያው" የለ። ፒች ዴኩንም፣ ማለትም ሥራችንን የሚያስረዳውን ስላይድ፣ ካልተጠየቅን አናያይዝም።

ከአገናኞቻችን ሁሉ ጉልበት የነበራት ደንበኛችን የሆነች ፋርማሲስት ናት። ኢሜይላችን ላይ ሁለት መስመር ጨመረችበት፦ "እነዚህን ልጆች እየከፈልኩ ነው የምጠቀማቸው። ቢያዩአቸው ደስ ይለኛል።" የላከችው በፊት መድኃኒት ከእሳቸው ትገዛ ለነበሩ፣ የጅምላ ንግዳቸውን ሸጠው ላረፉ ሴትዮ ነው። መልሱ በማግስቱ መጣ።

ቢሯቸው ገብቼ ስላይዱን ከፈትኩ። ብዙም ሳልሄድ "ይሄን ተወው" አሉኝ። "አንድ መድኃኒት በሁለት ባች፣ ማለትም በተለያየ ጊዜ ተመርቶ፣ መጣ እንበል። የአንዱ ጊዜ ቀድሞ ያልቃል፣ የሌላው ቆይቶ። ሻጩ ከፊት ያገኘውን አንስቶ ሸጠ። የእናንተ ሲስተም የትኛው እንደወጣ በምን ያውቃል?"

"ካርቶኑ ላይ ዳታማትሪክስ የሚባለው አራት ማዕዘን ኮድ ካለ ባቹንና ቀኑን ከኮዱ ያነባል" አልኳቸው። "ተራው ባርኮድ ከሆነ ግን ምርቱን እንጂ ባቹን አይናገርም። ያኔ ሻጩ እንዲመርጥ እንጠይቀዋለን።"

"ወረፋ ሲበዛበትስ?"

"መጀመሪያ ያየውን ይነካል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልፈውን ከላይ አደረግነው። ከዚያ በየሳምንቱ የተወሰነ መደርደሪያ ብቻ እንዲቆጠር ሲስተሙ ያዛል።"

"ስለዚህ ሁልጊዜ አይገጥምም።"

"ሁልጊዜ አይገጥምም።"

ሳቁ። ስልካቸውን አውጥተው የድሮ የመጋዘን ኃላፊያቸው ጋ ደወሉና የእኛን አሠራር አስረዱት። እኔ ተቀምጬ እየሰማሁ ነው። ከእኔ በተሻለ ነበር ያስረዱት። ስለ ገበያው ስፋት አልጠየቁኝም፤ ያውቁታላ! "ስንት ነው የምትፈልጉት?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ልንሰነባበት ስንል ነው።

ከሌላ ዘርፍ ገንዘብ ካገኙ ሰዎች ጋር ያደረግናቸው ስብሰባዎች ሌላ ዓይነት ነበሩ። ጨዋታው ያምራል፣ ጥያቄው ይበዛል፣ ሁለተኛ ቀጠሮ ይያዛል። መጨረሻው "እስቲ እናያለን" ነው። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። የማያውቁት ነገር ላይ የራሳቸውን ገንዘብ ማውጣት ይከብዳቸዋል፤ እኔም ብሆን ይከብደኛል። ደጅ መጥናት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ መተው ይሻላል።

"ገንዘብ ብትጠይቅ ምክር ይሰጡሃል፣ ምክር ብትጠይቅ ገንዘብ ይሰጡሃል" የሚሉት ነገር አለ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ኤንጅሎች ነቄ ናቸው፤ ምክር መስሎ የመጣን የገንዘብ ጥያቄ ከሩቅ ያውቁታል። ገንዘብ ስፈልግ ገንዘብ እንደምፈልግ ነው የተናገርኩት። ምክር የጠየቅኩት በእርግጥ የቸገረኝ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። የምስጢር ጥበቃ ውል አስፈርሞ ማውራት የሚባለውንም ተዉት። ብዙዎቹ አይፈርሙም፤ ጥያቄው ራሱ ጀማሪ ያስመስላል።

እምቢታን በተመለከተ፣ ጄፍ ቤዞስ አማዞንን ሲጀምር 1 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ 60 ያህል ሰዎችን እንዳነጋገረና 40 ያህሉ እምቢ እንዳሉት ተናግሯል። እሱ እንዲህ ከሆነ እኛ ምን እንጠብቃለን? ከቀጥተኛው እምቢታ ይልቅ የሚያደክመው "ሌላ ሰው ሲገባ እገባለሁ" የሚለው ነው። ሁሉም እንዲህ ካለ ማንም አይገባም። እዚህ ላይ ያዳነን የውሉ ዓይነት ነው። ጀማሪ ድርጅቶችን የሚደግፈው የአሜሪካው ዋይ ኮምቢኔተር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ሴፍ የሚባል አጭር ውል አለ። ኢንቨስተሩ ዛሬ ገንዘቡን ይሰጣል፤ ድርሻው የሚሰላው በሚቀጥለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዙር የድርጅቱ ዋጋ ሲቆረጥ ነው። ለስሌቱ የድርጅቱ ዋጋ ከዚህ አይበልጥም የሚል የዋጋ ጣሪያ ይቀመጥለታል። ጥቅሙ ሁሉም በአንድ ቀን መፈረም የለበትም። እሺ ያለው ይፈርማል፣ ገንዘቡ ይገባል፣ ሥራ ይቀጥላል። ሴትዮዋ መጀመሪያ ፈረሙ። ያንን ስንናገር "ሌላ ሰው ሲገባ" ያሉት ሰበባቸው አለቀ።

ግን ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው በአዲሱ ሴፍ ጣሪያው 2 ሚሊዮን ቢሆንና አንድ ሰው 100 ሺህ ቢያስገባ 5 በመቶ ወሰደ ማለት ነው። አምስት ሰው እንዲህ ካደረገ 25 በመቶ ሄደ። የሚቀነሰው ከመሥራቾቹ ነው፤ አንዱ ኢንቨስተር የሌላውን አይቀንስም። በትንሽ በትንሹ ስለሚገባ አይታወቅም፤ ቀጣዩ ዙር ሲመጣ ነው የሚያስደነግጠው። ውሉ በሁሉም አገር ሕግ እንደዚሁ እንደማይሠራም እወቁ። የድርጅት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ።

በመሃል ደላሎችም ይመጣሉ። "ኢንቨስተር አለኝ፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ክፈሉ" ይላሉ። ሲያስከፍሉ አያፍሩም፣ ስም ሲጠየቁ ግን ይጠፋሉ። አንድ ሰው ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ግማሽ ድርጅቱን ጠይቆን ነበር። አመስግነን ወጣን። ዛሬ ግማሹን የሰጠ መሥራች ነገ ለቬንቸር ካፒታል የሚያሳየው ነገር የለውም።

እምቢ ካሉን መካከል ፈቃዳቸውን ጠይቀን በየወሩ አጭር ዜና የምንልክላቸው አሉ። ስንት ፋርማሲ ጨመረ፣ ስንቱ ተወን፣ ገንዘባችን ለስንት ወር ይበቃል፣ ምን እንፈልጋለን። አንድ ገጽ አይሞላም። ደንበኛ የከዳን ወርም ላክን፣ የተሳካልን ወርም ላክን። "ገና ናችሁ" ብለውን የነበሩ አንድ ሰው፣ ደንበኛ ያጣንበትን ወር አንብበው ደወሉና "ለምን እንደሄደ በግልጽ ስለጻፋችሁ ነው የደወልኩት" አሉን። ገቡ። ሌላኛው እስካሁን አልገቡም፤ ግን ሁለት ትልልቅ አከፋፋዮች ጋ ወስደው አስተዋውቀውናል፤ አንዱ ደንበኛችን ሆኗል።