ግሮስ ነው ኔት?

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት በኢኮኖሚስትነት ሠርቻለሁ። የሥራዬ ግማሽ የበጀት ቁጥሮችን ወደ ቋሚ ዋጋ መመንዘር፣ ማለትም የዋጋ ንረቱን ቀንሼ የቀረውን ማሳየት ነበር። የራሴን ደመወዝ ግን አንድ ቀን እንኳ እንዲያ መንዝሬ አላየሁትም። ዓይኔ የተገለጠው ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ሲያልፍ ነው።

ያን ያህል ዓመት ያቆየን አበል ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይ፣ ውሎ አበሉ ለአስቤዛ። ስለዚህ መስክ ለመውጣት እንሻማለን፤ የሚተነተነው መጠይቅ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ እያለ ሌላ መስክ እንወጣለን። (እኔም ከተሻሙት አንዱ ነበርኩ።) ጡረታ የሚታሰበው ግን በመደበኛው ደመወዝ ብቻ መሆኑን ማንም አያነሣም።

ነሐሴ 2017 አንድ የግል አማካሪ ድርጅት ደወለልኝ። «ሠላሳ ሺህ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ማታ ለሥራ ባልደረባዬ ስነግራት፣

«ግሮስ ነው ኔት?» አለችኝ፤ ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ነው ወይስ ተቆርጦ እጅህ የሚገባው ማለቷ ነው።

«አልጠየቅኩም።»

«አንተን ብሎ ኢኮኖሚስት!»

ተቀምጠን አሰላን። በዚያው ክረምት በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ከ30,000ው ግብሩ 8,450፣ የጡረታ 7 በመቶው 2,100። እጄ የሚገባው 19,450 ብር ነው።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ። ደመወዙ ላይ ንቅንቅ አላሉም፤ ጥቅሉ በፕሮጀክቱ በጀት ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። ያኔ ነው ጭማሪ ከመለመን ይልቅ ስለ ሥራው መጠየቅ የተሻለ መሆኑ የገባኝ። ዳታ በሚሰበሰብበት ወር እሑድ መሥራት እንዳለ ከቀድሞው ሠራተኛ ሰምቼ ነበርና አነሣሁት። «ባለሙያ ሰዓት አይቆጥርም» አሉኝ። «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ አይልም፤ የሳምንት ዕረፍት ቀን ትርፍ ሰዓት ደግሞ እጥፍ ነው። እኔ የሥራ መሪ አይደለሁም» ብዬ መለስኩ። ትንሽ ዝም አሉና ለእያንዳንዱ እሑድ ምትክ የዕረፍት ቀን እንዲሰጠኝ ተስማማን፤ በውሉ ላይም አስጻፍኩት። በቃል ቢቀር ኖሮ የመጀመሪያው የሪፖርት ማስረከቢያ ሲደርስ ይረሳ ነበር።

የመጨረሻውን ጥያቄ ልረሳው ትንሽ ቀረኝ፤ ለፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚሰጠው የለጋሹ ውል መቼ ነው የሚያልቀው? «ሰኔ ላይ።» ስለዚህ የእኔም ሥራ አሥር ወር ነው ማለት ነው። ከየወሩ ላይ ለሥራ መፈለጊያ የሚሆን ብር ማስቀረት እንዳለብኝ ቆጥሬ ፈረምኩ።

መስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተስተካከለ፤ የዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ወጣ። የድሮ ባልደረቦቼ «ቸኮልክ!» ብለው ጻፉልኝ። ባልደረባዬ ግን አስልታ ላከችልኝ፦ ከ11,500ው ግብር 2,100፣ ጡረታ 805፣ እጅ የሚገባው 8,595። ከሥሩ «እኛ ግን ሰኔ የለብንም» ብላ ጨምራበታለች።