በቀዶ ሕክምና የመጣልኝ መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ይህን የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ሕመሜ አካላሲያ የሚባለው የምግብ ቧንቧ በሽታ ነው፤ ቧንቧው ምግብን ወደ ታች የሚገፋበትን ኃይል ያጣል፣ ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ጡንቻም አልላላ ይላል። መጀመሪያ እንጀራው፣ ቆይቶ አጥሚቱ፣ በመጨረሻም ውኃው ደረቴ ላይ ይቆም ጀመር። ቧንቧውን በሚነፋ ፊኛ የማስፋት ሕክምና ተደርጎልኝ ለጊዜው ተሻለኝ፤ ተመልሶ ጸናብኝ፣ ዓመታትም አለፉ።

ያቺን ሌሊት ግን እንዴት ልናገራት? ትራስ ደርድሬ፣ ተቀምጬ ነበር የምተኛው፤ ተንሸራትቼ ኖሮ በቧንቧዬ የተጠራቀመው ወደ ሳንባዬ ገባ። ትንፋሽ አጥሮኝ ባነንሁ። መጮኽ ስላልቻልሁ ግድግዳውን ደበደብሁ። ባለቤቴ ጀርባዬን እየመታች «የቁልቢው ገብርኤል፣ ድረስልን!» ትላለች። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ባጃጁን አስነሥቶ ሆስፒታል አደረሰን፤ እስኪነጋም ከበሩ አልራቀም፤ እግዚአብሔር ውለታውን ይክፈለው። ኦክስጅን ተደርጎልኝ ስተኛ በልቤ የነበረው ጸሎት ሳይሆን ቁጣ ነበር። «ጠበልህን እንኳ ከጉሮሮዬ የምትመልስ ከሆነ ለምን ፈጠርኸኝ?» አልሁት። «እንባዬ በቀንና በሌሊት ምግብ ሆነኝ» የሚለው የዳዊት ቃል ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚያው የያዘኝ የሳንባ ምች ሲሻለኝ ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። ባሪየም የሚባለውን በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ጠጥቼ በተነሣሁት ራጅ ቧንቧዬ ሰፍቶና ተጣምሞ፣ ጫፉ እንደ ወፍ ምንቁር ቀጥኖ ታየ። ሐኪሙ ሁለት መንገድ አስረዳኝ። አንደኛው ጀርመናዊው ኤርነስት ሄለር እ.ኤ.አ. በ1913 የጀመረው ነው፤ የውስጡን ስስ ሽፋን ሳይበሱ ጡንቻውን ብቻ ይሰነጥቃሉ፣ አሲድ እንዳይመለስም የጨጓራውን ጫፍ ያለብሱታል። ሁለተኛው ቧንቧውን አውጥቶ በምትኩ ጨጓራውን ወደ ላይ ስቦ መቀጠል ነው፤ ይህ እጅግ ከባድ ነው። «በቀላሉ እንጀምር፤ ካልበቃ ሁለተኛው አያመልጠንም» አለኝ። እኔ ያለ ቢላዋ እንድድን ስለምን ኖሬአለሁና አመነታሁ። የንስሐ አባቴ ግን «ልጄ፣ ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሲራክ አልነገረህምን?» ብለው ባረኩኝ፤ ፈረምሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጠጣት ሲፈቀድልኝ ባለቤቴ ጠበል ሰጠችኝ። ጠጣሁ፤ ወረደ! «እግዚአብሔር ቸር እንደ ሆነ ቅመሱና እዩ» እያልሁ አለቀስሁ።

የቧንቧዬ የመግፋት ኃይል አልተመለሰም፤ ምግቡ የሚወርደው በክብደቱ ነውና ቀና ብዬ፣ በደንብ አኝኬ እበላለሁ፤ ክትትሌንም አላቋረጥሁም። ባለቤቴ የተሳለችውን ጃንጥላ ይዘን ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ እንወጣለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።