በዓለም ስሟ የተጻፈችው ሕፃን ብቻ ናት

የዘር ሐረግ ፍለጋዬ ስምንተኛ ወሩን ያዘ። እስካሁን የሄድኩበትን ላካፍላችሁ። ጊዜ ያባከንኩበትንም አልደብቅም፤ እናንተ እንዳትደግሙት።

ስጀምር በእጄ የነበረው የአያቴ ቆጠራ ብቻ ነው። አያቴ የዘጌ ልጅ ናት። እስከ ሰባት ቤት ሳትደናቀፍ ትቆጥር ነበር፤ እኔም ልጅ ሆኜ በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን ይሄ ቆጠራ ለጋብቻ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። ስለዚህ ዓመት የለውም። ቦታ የለውም። በእኛ ቤት ደግሞ ሴቶቹ ግማሾቹ ተዘለዋል።

ዓመት ፍለጋ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ሕዝብ ቆጠራ ነበር። ሞኝነቴ! አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። አያቴ በሦስቱም ጊዜ በሕይወት ነበረች። የሚታተመው ውጤት ግን ቁጥር እንጂ የሰው ስም አይደለም። ከእሱ ይልቅ የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ ጠቀመኝ፤ ቢያንስ ማን ከማን ጋር ይኖር እንደነበር ያሳያል። ዕድሜውን ግን አትመኑት። አያቴ በአንዱ ቅጽ 50 ናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በተሞላው 60።

እውነተኛው ነገር የተገኘው አጎቴ ሳጥን ውስጥ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ በሦስተኛው ቡና ከጠጣን በኋላ ሳጥኑ ተከፈተ። የግብር ደረሰኞች፣ የርስት ክርክር ፍርድ ቅጂ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ኑዛዜ።

ፍርዱ የወንድ አያቴ ወገን ነው፣ ከአቸፈር። ይሄን ዓይነት ወረቀት ካገኛችሁ እንዳትንቁት። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ቆጥሮ በምስክር ማስረዳት ነበረበት። ርስት በእናት በኩልም ስለሚወረስ በአፍ ቆጠራ የተዘለሉት ሴቶች እዚያ ላይ ቁጭ ብለዋል። ብቻ የሁለቱንም ወገን ቃል አንብቡ። ለድርሻ ሲባል አያት የሚፈጥር ተከራካሪ ሞልቷል።

ኑዛዜው የአያቴ አባት ነው። «በስመ አብ» ብሎ ይጀምርና ለተዝካሩ የሚወጣውን፣ ያለበትን ዕዳ በጠገራ ብር፣ ከዚያ ቡናውን ያከፋፍላል። እርሻ የሚባል ነገር አልተጠቀሰም። ዘጌ ላይ ማረስ ክልክል ነው፤ ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም አውግዘዋል ይባላል። ስለዚህ ሀብቱ ሁሉ የቡና ቦታ ነው፤ ድንበሩም በዛፍና በድንጋይ ይነገራል። መጨረሻው ላይ ይህን ቃል ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን የሚል እርግማን አለ። እርግማኑ ከውርሱ በረዘመ ጽሑፍ ነው የሰፈረው።

ስሞቹን ሳነብ ግን ደነገጥኩ። አንዱንም አላውቅም። የሌላ ሰው ኑዛዜ ነው ብዬ ልመልሰው ነበር። ለካ የነፍስ አባት ፊት የተነገረ ስለሆነ ሁሉም በክርስትና ስማቸው ነው የሰፈሩት። በሰፈር ጥሩነሽ የምትባለው ኑዛዜ ላይ ወለተ ማርያም ሆና ትመጣለች፣ በቃ። እንደገና ሳነብ «ክርስትና ያልተነሣች ሕፃን» የሚል ቃል ላይ ደረስኩ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ይቺ ገና ስላልሞላት የክርስትና ስም የላትም። ስለዚህ ጸሐፊው ቤት ውስጥ በሚጠሯት ስም ጻፋት። የአያቴ ስም ነው። ጣቴን ስሟ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ።

ቀኑ «ጥር 12፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት» ይላል። ዓመተ ምሕረት የለውም። መላው ቀላል ነው። ዓመቱን ለ4 ታካፍላላችሁ፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ንጉሡ የነገሡት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን የገባው በ1928። በመካከል ያሉት የሉቃስ ዓመታት 1923 እና 1927 ናቸው። አያቴ ጣሊያን ሲመጣ በራሷ እግር ሮጣ ቡናው ውስጥ እንደተደበቀች ትናገር ነበር። በ1927 የተወለደች ልጅ አትሮጥም። አያቴ ማጋነን እንደምትወድ ባውቅም 1923ን ይዣለሁ።

አንድ የቀረ መስመር አለ። ከቡናው ክፍፍል በኋላ ሟች አንዲት ሴት ስም ጠርቶ «ነጻ አውጥቻታለሁ» ይላል። ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የዘጌ ቡናም በባሮች ጉልበት ይለማ ነበር። ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። የቅድመ አያቴ ኑዛዜ ላይ ሳነበው ሌላ ነገር ነው። ይቺ ሴት በቆጠራችን የለችም፤ በርስት ፍርድም አትኖርም፣ የምትጠይቀው ድርሻ የላትምና። ያለችው በዚህች አንድ መስመር ብቻ ነው።

አያቴ በየዓመቱ ዝክር የምታወጣላት ሴት ነበረች። አክስቷ ትመስለን ነበር። ለቄሱ የምትሰጠው የክርስትና ስም መስመሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ማስረጃ ነው አልልም፤ በዚያ ስም የሚጠሩ ሴቶች ዘጌ ላይ ስንት አሉ።

አጎቴን ጠየቅኩት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ጠቀለለው።

«እሷማ እናታችንን ያሳደገች ናት ልጄ» አለኝ፤ ሳጥኑንም ቆለፈው። ደረሰኞቹን ገና አላነበብኩም።