ዲስኩ የፈነዳ ቀን

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። አራት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ነገሩ የሆነው በግንቦት ነው። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጓንት ያደረገ እጅ በአምስት ደቂቃ በላብ ይርሳል። ልጆቹ ያወልቁታል፣ እኔም አይቼ ዝም እላለሁ።

አንዱ ልጅ ቱቦላሬ እየቆረጠ ነበር። የግራይንደሩ፣ የመቁረጫ ማሽኑ ማለት ነው፣ ካቨር (የዲስኩ መከላከያ) አላስጠጋ ስላለው ፈቶ አስቀምጦታል። ዲስኩ ብረቱ ውስጥ ተቀረቀረና ፈነዳ። ዞር ስል ግራ እጁን ይዞ ቆሟል፤ አይጮህም፣ ደሙ ግን በክርኑ ይወርዳል። በሽርጥ ጠቅልለን በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። የሁለት ጣቶቹ ጅማት ተቆርጦ ነበር።

በማግስቱ እናቱ መጣች። ድሬ ውስጥ አንቱ መባባል ብዙም የለም። «አንተ፣ ልጣላህ አልመጣሁም፤ ግን የሚያበላን የዚህ ልጅ እጅ ነው» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

እውነቱን ልናገርና በልቤ «ካቨሩን የፈታው ራሱ ነው» እያልኩ ነበር። ጠበቃ ጓደኛዬን ሳማክረው «አቦ፣ እሱ አያወጣህም» አለኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ባያጠፋም ተጠያቂ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ሰክሮ ከሠራ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ግን ሌላ ነው። «ካቨር እንዳትፈቱ ብለህ በግልጽ ከልክለሃል?» ሲለኝ አቀረቀርኩ። አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። ሕክምናው፣ ቀዶ ጥገናውና መድኃኒቱ በእኔ ነው። መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ መክፈል አለብኝ። ልጁ 4 ወር ተኛ፤ ደሞዙ 6,000 ብር ነው፣ ስለዚህ 22,500 ብር ማለት ነው፣ በእሱ ቦታ የቀጠርኩትን ሰው ሳልቆጥር። ቋሚ የአካል ጉዳት ሲሆን ካሳው ከዓመት ደሞዝ አምስት እጥፍ ይነሳና በጉዳቱ መጠን ይሰላል። ሐኪሞች 10 በመቶ አሉ፤ 36,000 ብር። ሞቶ ቢሆንስ? አምስቱ እጥፍ ሙሉውን ለቤተሰቡ፣ የቀብሩም ወጪ ተጨምሮ። የመበየጃ ማሽኔን ሸጬ ከፈልኩ።

ይህን ሁሉ የሚሸከም ኢንሹራንስ እንዳለ አውቅ ነበር፤ ለሱቅና ለመኪና ገብቼ ለሰው አለመግባቴ ነው የሚቆጨኝ። የሠራተኞች የጉዳት ካሳ ይባላል። እንደ ውላችሁ ሕክምናውን፣ የተኛበትን ጊዜ ደሞዝ፣ የአካል ጉዳትና የሞት ካሳውን ይይዛል። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት፣ የሚሰላው በሠራተኞቹ የዓመት ደሞዝና በሥራው ዓይነት ነው፤ ለአራቱም የጠየቁኝ ከአንዱ ልጅ የወር ደሞዝ ያነሰ ነበር። ስትገቡ የቀን ሠራተኛውንም አስመዝግቡ፣ ደሞዛቸውንም አሳንሳችሁ አትናገሩ። አደጋ ሲደርስ የዚያኑ ቀን አሳውቁ፣ የሕክምና ደረሰኝም አትጣሉ።

ልጁ ተመልሷል። ቀለበት ጣቱ አይታጠፍለትም፣ ሜትር ሲይዝ ይታያል። ባለፈው ወር አዲስ ልጅ ስቀጥር መጀመሪያ ስሙን ኢንሹራንሱ ላይ አስጨመርኩ። ግራይንደሩን ያቀበለው ግን ያ የተጎዳው ልጅ ነው፣ ካቨሩን በዚያ እጁ ነካ ነካ አድርጎ።