በኮሚኒቲ ኮሌጅ የጎልማሶች ክፍል፦ የመጀመሪያዎቹን 12 ሰዓታት እንዴት እንደማደራጅ

በአሜሪካ ለጎልማሶች ትምህርት የሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ የሚተዳደረው በ2014 በወጣው የሰው ኃይል ሕግ ነው። መግባት የሚችለው ዕድሜው 16 የሞላና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያልተመዘገበ ሰው ሲሆን፣ በሪፖርት «ተሳታፊ» ተብሎ የሚቆጠረው 12 ሰዓት ሲማር ነው። 12 ሰዓት ሳይማር የጠፋ ሰው ከቁጥሩ ውስጥ ስለማይገባ ማንም አይጠይቅበትም። ብዙ ሰው የሚጠፋው ግን ያኔ ነው፤ ስለዚህ ዕቅዴን የምጀምረው ከእነዚህ ሰዓታት ነው።

አዲስ ተማሪ የምቀበለው በየ5 ሳምንቱ አንዴ ነው። ሰኞ በመጣ ቁጥር አዲስ ሰው የሚገባበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ያንኑ ትምህርት ይደጋግማል፣ ነባሮቹ ይሰለቻሉ፣ አዲሶቹም ግራ ይገባቸዋል። በመሃል የመጣውን ግን «በሚቀጥለው ወር ይምጡ» ብዬ አልሸኝም፤ ወረፋው እስኪደርስ ከበጎ ፈቃደኛ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራበት ጠረጴዛ አለ።

የመግቢያው ዝግጅት ሁለት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ፈተና የለም፤ ቅጽም ለማንም አይታደልም። ሠራተኛው እየጠየቀ ራሱ ይሞላዋል፣ ያውም ለሁሉም እኩል፣ ማንበብ የሚቸግረው ሰው ተለይቶ እንዳይታይ። ማንበብ የማይችል ጎልማሳ ቅጽ ሲሰጠው «መነጽሬን ረሳሁ» ይልና በዚያው ይቀራል። (አንዳንዴ ደግሞ እውነቱን ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ቁጥራቸው 1.50፣ 2.00 እና 2.50 የሆነ የማንበቢያ መነጽሮች አስቀምጣለሁ፤ ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ የበለጠ ጠቅመውኛል።) የምጠይቀው እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ፣ የሥራ ፈረቃውን፣ ልጅ የሚይዝለት ሰው እንዳለውና በምን እንደሚመጣ ነው። «ጂኢዲ (የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማን የሚተካ ፈተና) ለመውሰድ» ለሚለኝ ደግሞ፣ ጂኢዲውን ይዞ የት ሊገባበት እንዳሰበ እጨምራለሁ። ነርስ ረዳት መሆን የሚፈልገውና የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ የሚያስበው ሰው መንገዳቸው አንድ አይደለም።

የደረጃ መለኪያው ፈተና፣ ኬሳስ የተባለው ይሁን ቴብ የተባለው፣ በሁለተኛው ቀን ነው። አስቀድሞ ደረጃ ጠቋሚውን አጭር ፈተና፣ ከዚያ ለዚያ ደረጃ የተዘጋጀውን ፈተና እሰጣለሁ። ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣን ሰው አልፈትንም። ማውስ ይዞ ለማያውቅ ደግሞ ወይ በወረቀት የሚሠራውን ፈተና፣ ወይ ቀድሞ 20 ደቂቃ ልምምድ። ዝቅተኛ መነሻ ውጤት ኋላ የሚመዘገበውን ዕድገት ስለሚያሳምረው አንዳንዱ አስተዳዳሪ አይጠላውም፤ ተማሪው ግን ከሚችለው በታች ክፍል ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል።

ፈተናው የማይነግረን ነገር ሰውየው ለምን እንደማያነብ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ውጤት አምጥተው ችግራቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው 10 ደቂቃ እመድባለሁ። 100 ቃል ያለው ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ስህተቱ ከ5 ካልበለጠ ጽሑፉ ለክፍል ይሆነዋል፤ ከ10 ካለፈ ከባድ ነው። ቀጥዬ በዚያው ደረጃ ያለ ሌላ ጽሑፍ እኔ አነብለትና ስለ ይዘቱ እጠይቀዋለሁ። በጆሮው ሰምቶ በደንብ ከመለሰ ችግሩ ፊደልና ድምፅን ማገናኘቱ ላይ ነው፤ ሰምቶም ካልገባው ቋንቋው ወይም የቃላት ዕውቀቱ ነው። ሰምቶ የሚገባውን ሰው የመረዳት ጥያቄ እያሠሩ ማክረም ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቅደም ተከተል የሚሄድ የፊደልና የድምፅ ትምህርትና አንድን አጭር አንቀጽ ሦስት አራት ጊዜ መልሶ ማንበብ ነው።

በአማርኛ ፊደል ማንበብ የሚችል የእኛ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ማንበብ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከጀማሪ አንባቢ ጋር መቀመጥ የለበትም። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ ኤስ፣ ቲና አር ተከታትለው ሲመጡበት በመሃላቸው ድምፅ ይጨምራል፤ በአምስቱ የእንግሊዝኛ አናባቢ ፊደላት ላይ ደግሞ አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ብቻ እንዲሰጠው ይጠብቃል። ልምምዱ እዚህ ላይ ካተኮረ ቶሎ ይሻገራል።

ዕድገቱን ለመለካት ዳግም የሚሰጠውን ፈተና ጊዜ ካላንደር ሳይሆን የተማረው ሰዓት ይወስነዋል። ኬሳስ የሚመክረው ከ70 እስከ 100 የትምህርት ሰዓት ሲሆን ዝቅተኛው 40 ነው። በሳምንት 4 ሰዓት የሚማር ክፍል በ8 ሳምንት ያለው 32 ብቻ ነው፤ ማንም ለፈተና አይደርስም። በሳምንት 6 ሰዓት ከሆነ 48 ይደርሳል፣ ያውም ሳይቀር ለመጣ ብቻ። የክፍሉ የሰዓት ሠሌዳ ከመውጣቱ በፊት ይህን ማባዛት የግድ ነው።

ጂኢዲ አራት ፈተና ነው፣ ማለፊያው በእያንዳንዱ 145፤ በአንድ ቀን መውሰድም አያስፈልግም። የልምምድ ፈተናውን አሠርቼ ለማለፍ የቀረበውን አስቀድማለሁ፤ አንዱን ያለፈ ሰው ይቆያል። ሒሳቡ 115 ደቂቃ ሲሆን መጀመሪያው ክፍል ያለ ካልኩሌተር ነው፤ ሰው የሚጣበቀው ክፍልፋይና ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች ላይ ስለሆነ ሁለቱንም በቁጥር መስመር አስተምራለሁ። የቋንቋው ፈተና የ45 ደቂቃ ድርሰት አለበት፣ የሚጻፈውም በኪቦርድ ነው። ታይፕ ማድረግ የማይችል ሰው ሐሳቡን ሳይጨርስ ጊዜው ያልቃል፤ ስለዚህ ታይፕ ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀምራል።

ሁለት ክፍለ ጊዜ ለቀረ ሰው በዚያው ሳምንት ይደወላል፤ ቴክስት አይበቃም፣ በተለይ ማንበብ ለሚቸግረው። ምንም አገልግሎት ሳያገኝ 90 ቀን ካለፈው ከፕሮግራሙ እንደወጣ ይቆጠራል። የሚደውለው ሰው የሚያቀርበው ነገር ሊኖረው ይገባል፦ የማታ ክፍል፣ የቅዳሜ ክፍል፣ ወይም ቤት የሚሠራ ወረቀት።

ዲፕሎማ ሳይኖረው የሙያ ኮርስ ለሚፈልግ ተማሪም በር አለ። ብቁ በሆነ የሙያ ጎዳና ፕሮግራም (የጎልማሶች ትምህርትና የሙያ ሥልጠና ጎን ለጎን የሚሰጥበት) ውስጥ የተመዘገበ ሰው የተፈቀደውን ፈተና ካለፈ ወይም 6 ክሬዲት ካጠናቀቀ የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ሊያገኝ ይችላል። ኮሌጁ ያንን ፕሮግራም እንደ ብቁ መቁጠሩን ከዕርዳታ ቢሮው በጽሑፍ እቀበላለሁ፣ ተማሪው ኮርሱን ከመመዝገቡ በፊት።