አሕዛቡ እኛው ነን

ሰሞኑን ከመዝሙር 46 ጋር ነው የከረምኩት። በግእዙ ዳዊት 46 ነው፤ በብዙዎቹ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ግን 47 ሆኖ ታገኙታላችሁ። እዚያ 9 እና 10 ተብለው የተለዩትን የግእዙ ዳዊት እንደ አንድ መዝሙር ስለሚቆጥራቸው ነው። በዚህ ሰው ሲጨቃጨቅ አይቻለሁ። አያጨቃጭቅም።

የማጠናው ደብረ ማርቆስ፣ ፋርማሲዬ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳዊት ሲያስነብቡ የኖሩ አንድ የኔታ የግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። ወንበር አወጣላቸዋለሁ። ገበያው ቀዝቀዝ ካለ እኔ እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ደግሞ መልሰው እኔኑ ይጠይቁኛል። ቶሎ መልስ መስጠት አይወዱም።

ብዙዎቻችን ይህን መዝሙር የምናውቀው በዕርገት ነው። ከፋሲካ በ40ኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ ወእግዚእነ በቃለ ቀርን» ተብሎ ሲሰበክ ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ይናጋል። ዳዊት ለሚደግም ሰው ደግሞ በየማክሰኞው ይደርሰዋል፤ የማክሰኞ ድርሻ ከ31 እስከ 60 ነውና።

እኔን ያስቸገረኝ ግን ዕርገቱ አይደለም። ከእሱ ከፍ ብሎ ያለው ነው። አሕዛብን ከእግራችን በታች አስገዛልን ይላል። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ይህን ስናነብ ራሳችንን የት ነው የምናስቀምጠው? እግሩ ጋ ነዋ! ረጋጩ እኛ፣ የሚረገጠው ሌላ ሰው። ጎጃሜም ቢያነበው፣ ሌላውም ቢያነበው ያው ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ «ሌላው» ማን እንደሆነ ለመምረጥ ማንም አይቸገርም።

ይህንኑ ለየኔታ ነገርኳቸው።

«መጀመሪያው ላይ አጨብጭቡ የተባለው ማነው?» አሉኝ።

«አሕዛብ ናቸው።»

«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ? የያዕቆብ?»

«አይደለሁም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው አጨብጭቢያ!»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። የሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ አንሥቶ የሚሟገተኝ አይጠፋም። ይሟገተኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መዝሙሩን ከአጨብጫቢዎቹ ወገን ሆኜ ነው የማነበው። ከዚህ በኩል ሲያዩት ነገሩ ግራ ያጋባል። ተሸንፎ ከእግር በታች የዋለ ሰው እንዴት ደስ ብሎት ያጨበጭባል? መልሱን ያገኘሁት መጨረሻው ላይ ነው። የአሕዛብ አለቆች ከአብርሃም አምላክ ጋር ተሰበሰቡ ይላል። ሰንሰለት አላነሣም፤ ግብርም አላነሣም። መካከሉ ላይ የተጠራው ያዕቆብ ነበር፤ መዝጊያው ላይ ግን አብርሃም ነው። አብርሃም ደግሞ ዘፍጥረት 17 ላይ የብዙ አሕዛብ አባት ትሆናለህ የተባለው ሰው ነው። እኛን የሚያስገባን በር በዚያ በኩል ነው።

ሞቪንከል የሚባል ኖርዌጂያዊ ምሁር ይህን መዝሙርና መሰሎቹን በአንድ መድቦ፣ እስራኤል በየዓመቱ የእግዚአብሔርን ንግሥና የምታከብርበት በዓል ነበራት ብሎ ተከራክሯል። የተቃወሙት ብዙ ናቸው። ታቦት ወጥቶ ሲገባ ላደገ ሰው ግን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ዳዊት ታቦቱን ወደ ከተማው ሲያወጣ በእልልታና በቀንደ መለከት ነበር፤ መዝሙሩም የሚለው በእልልታና በመለከት ድምፅ ዐረገ ነው። የጥምቀት ዕለት ታቦቱ ዳገቱን ሲይዝ የሚሆነውን አስቡት። ዣንጥላው ከሕዝቡ ራስ በላይ ይወዛወዛል፤ ወጣቶች ከፊት ከፊት ምንጣፍ እየጠቀለሉ ይሮጣሉ፤ እናቶች እልልታውን አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀበላለች። ያ ሁሉ ሕዝብ መዝሙር 46 ውስጥ እየተራመደ ነው።

አይሁድ ደግሞ በብዙ ቦታ በአዲስ ዓመታቸው ቀንደ መለከቱ ከመነፋቱ በፊት ይህንኑ መዝሙር ሰባት ጊዜ ይደግሙታል። ይህን ስነግራቸው የኔታ «ሰባት?» አሉና «ዘምሩ ለአምላክነ ዘምሩ፣ ዘምሩ ለንጉሥነ ዘምሩ» የሚለውን እያዜሙ በመቋሚያቸው የፋርማሲዬን ሴራሚክ መቱት። ደግነቱ አልተሰነጠቀም።

ሌላም አለ። መዝሙሩ እግዚአብሔርን በምድር ሁሉ ላይ ታላቅ ንጉሥ ይለዋል። «ታላቁ ንጉሥ» ያኔ ባለቤት ነበረው። ኢሳይያስ 36 ላይ የአሦር መልእክተኛ ኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ፣ ታላቁ የአሦር ንጉሥ እንዲህ ይላል እያለ ያስፈራራል። መዝሙሩ ያንን ማዕረግ ቀምቶ ለሌላ ይሰጣል። ቀላል ድፍረት አይደለም።

ስለ ንጉሥ ካነሣን እኛም አንድ ነበረን። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ጥንት መንቆረር ትባል በነበረችው በዚህችው ከተማ ቤተ መንግሥት የነበራቸው። በጥር 1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የጎጃምና የካፋ ንጉሥ ብለው አነገሷቸው። በግንቦት 1874 እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላም። የኔታ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዛሬም ይከፋዋል፤ ከዚያ «ዘውዱ የተውሶ ነዋ» ይላሉ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝን ላቆየው ብዬ ነው። ራስጌው ላይ መዝሙሩ የቆሬ ልጆች እንደሆነ ተጽፏል። ቆሬ ማን ነበር? በሙሴና በአሮን ላይ ተነሥቶ፣ እናንተ ብቻ ለምን ከፍ ከፍ ትላላችሁ ያለ፣ ምድርም አፏን ከፍታ የዋጠችው ሰው። ዘኍልቍ 26 ላይ ግን የቆሬ ልጆች አልሞቱም የምትል አጭር ቃል አለች። ሰው ሳያያት ያልፋታል። እኔም ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ። እንግዲህ «ከእግራችን በታች» እያለ የሚዘምረው፣ መሬት ከአባቱ እግር በታች የተከፈተችበት ቤተሰብ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያንን ቃል ሲያወጣ የሚፎክር አይመስለኝም። መሬት መርገጥ ራሱ በምሕረት መሆኑን ያውቃል።

አሁን ወደሚቀጥለው መዝሙር ተሻግሬያለሁ። እሱም የቆሬ ልጆች ነው፤ ታላቁ ንጉሥም እዚያ አለ፤ የምድር ነገሥታትም እንደገና ይሰበሰባሉ። ግን በዚህኛው አይተው ደንግጠው ይሸሻሉ። በአንዱ መጥተው ይቀመጣሉ፣ በሌላው ይፈረጥጣሉ፤ የቱን ልያዝ? የኔታን ስጠይቃቸው መድኃኒታቸውን ኪሳቸው ከተቱና «ሰው ቆሟል፣ አስተናግጂ» አሉኝ።